ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ

በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀን፣ የቀትር አዛን ሲሰማ፣ በከርከና ደሴት በመብሩካ ቤትና አካባቢው አምስት ሰዎች ነበሩ። የቤቱ ባለቤት መብሩካ ሳሎን ተቀምጠው የሟች ባላቸውን ታሪክ ይናገሩ ነበር። የካሜራ ባለሙያው ዙሄይር ፊት ለፊታቸው ሆኖ ይቀርጽ ነበር፤ እሱ ያለው እንደዚያ ነው። የድምፅ ባለሙያዋ ኑዝሃ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነበር። የመብሩካ ልጅ ለዝሃር ከቤቱ ፊት ለፊት ጉልበት በሚደርስ ባሕር ውስጥ ቆሞ የዓሣ ወጥመዱን ይጠግን ነበር፤ እሱም ያለው እንደዚያ ነው። አምስተኛው፣ የፊልሙ አዘጋጅ ሙንስፍ፣ ጣራው ላይ ነበር። አዛኑ ሲያበቃ ግን ከቤቱ ጀርባ ባሉት ድንጋዮች ላይ ወድቆ ሞቶ ነበር።

መርማሪ ወሲላ ከሙን ረቡዕ ጠዋት ከሰፋክስ ከተማ በመጀመሪያው ጀልባ ደረሰች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ አጭር፣ ትልቅ የእጅ ቦርሳ የምትይዝ ሴት ናት። የደሴቲቱ የዘብ ጣቢያ አዛዥ ተውፊቅ ወደቡ ላይ ጠበቃት።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ፣ ላላ ወሲላ። ግን በከንቱ ደከሙ። ሰውየውን ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው ሻይ አጠጡኝና ልመለስ።»

ተውፊቅ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ማንን ነው የያዙት?»

«ለዝሃርን። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ሟቹን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹እናቴን ማስለቀስ ካልተውክ አንተንም ካሜራህንም ባሕር ውስጥ ነው የምወረውራችሁ› ብሎታል። የሟች ኮሌታ ተቀዷል። ወደ ጣራው የሚያስወጣው ደረጃ ከግቢ ነው፤ ከባሕሩ መጥቶ ገፍቶት ለመመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። በአሥር ሰዓቱ ጀልባ ወደ ሰፋክስ እልከዋለሁ።»

«በባሕሩ ውስጥ ሲሠራ ያየው የለም?»

«ማን ያየዋል? ዓሦቹ?»

«ሟቹንስ መጨረሻ ያየው ማን ነው?»

«ሻዝሊ የሚባል ዓሣ አጥማጅ። አዛኑ ሲጀመር ከጀልባው ላይ ሆኖ ጣራው ላይ ቆሞ አይቶታል፤ በቀይ ኮፍያው ነው የለየው። አዛኑ አልቆ ጀልባውን ሲያስር ኮፍያው አልነበረም። ሌላ ሰው ይኑር አይኑር ግን ፀሐይዋ አላሳየችኝም ይላል።»

ወሲላ መጀመሪያ ጣራውን ማየት ፈለገች። ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ግንብ ከጉልበት አያልፍም። የባሕሩ ነፋስ አሸዋና ጨው ይዞ ይመጣል። በጣራው መሐል በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አንዲት ትንሽ ፎቶ ማንሻ ካሜራ ተቀምጣለች፤ ሌንስ የላትም። ሌንሱ የሚገጠምበት አፏ በጥቁር ክዳን ተዘግቷል። አጠገቧ ያለው ቦርሳ የጎን ኪሱ ዚፕ ተከፍቶ ቀርቷል።

«ከእርስዎ በፊት ማን ወጣ?»

«ማንም። ኑዝሃ ሬሳውን አይታ ስትጮህ ሻዝሊ ሮጦ ደርሶ ደረጃው ሥር ቆመ። እኔ እስክመጣ ድረስ ድመት እንኳ አላሳለፈም።»

«ይህን ክዳን የገጠሙት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔ እቃቸውን አልነካም! እንዲህ እንደተዘጋ ነው ያገኘሁት።»

«ከሬሳው ጋርስ ምን ተገኘ?»

«የተሰባበረ ሌንስ። በእጁ ይዞት ነው የወደቀው። የሌንሱ የኋላ ክዳን ኪሱ ውስጥ ነበር።»

ወሲላ የቦርሳውን ኪስ፣ ከዚያ ክዳኑን፣ ከዚያ ባሕሩን አየች። አባቷ በሰፋክስ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ልጅነቷን ያሳለፈችው ከጠረጴዛው ጀርባ ነው።

ኑዝሃ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ደረቅ የባሕር እንስሳት ሥር፣ ሻይዋን ሳትነካው ተቀምጣ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስታለቅስም የምትቀልድ ዓይነት ልጅ ናት።

«እኔን ጠርጥሩኝ እንጂ» አለች። «ዳቦ ቤቱ ስደርስ ዳቦ አልቆ ነበር። ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት። ከዚህ የባሰ ማስረጃ ከየት ይመጣል?»

«ለምን ሳሎን ውስጥ አልነበርሽም? ድምፅ የምትቀጂው አንቺ አይደለሽም?»

«ኻልቲ መብሩካ፣ ሁላችንም ‹አክስቴ› ነው የምንላቸው፣ ከአንድ ሰው በላይ ከተቀመጠ አይናገሩም። ስለዚህ ድምፅ መቅጃውን አጠገባቸው አስቀምጬ፣ ትንሿን ማይክ ልብሳቸው ላይ ሰክቼ ወጣሁ። መቅጃዬ እኔን አይፈልግም፤ ካልዘጉት እስከ ማታ ይቀዳል።»

«ካሜራውስ?»

«ካሜራውማ ፎቶ ማንሻ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጸው በልመና ነው።» ፈገግ ልትል ሞከረች። «ሙንስፍ ትልቅ ካሜራ አይወድም ነበር። ‹በትልቅ ካሜራ ፊት ሰው ሁሉ ከንቲባ ይሆናል› ይላል። በዚህ ግን ሰዉ ፎቶ የሚነሳ እየመሰለው ዝም ብሎ ይኖራል። ችግሩ ሠላሳ ደቂቃ ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ጸጥ ብሎ ማቆሙ ነው። አይጮህ፣ አይጠራ። ቀዩ ነጥብ ይጠፋል፣ በቃ።»

«ከዚያስ?»

«ዙሄይር መቼ እስኪያቆም ይጠብቃል! አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶበታል። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ደቂቃ አካባቢ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ ይዘጋውና ወዲያው ይከፍተዋል። ከዚያ ሌንሱ ፊት አንድ ጊዜ ያጨበጭባል፤ ምስሉን ከእኔ ድምፅ ጋር የምናገጣጥመው በጭብጨባው ነው። እንቅልፍ ወስዶትም የሚያጨበጭብ ይመስለኛል።»

«ካሜራ ትነኪያለሽ?»

«እኔ? አንዴ ሌንስ ልይዝ ስል ሁለቱም እጄን መቱኝ። የካሜራ ሰዎች ሚስታቸውን ያውሱሻል እንጂ ሌንሳቸውን አያውሱሽም።»

«በጥር ወር የመብሩካን ባል፣ ሲ ሐሙዳን፣ ቀርጻችኋል አሉ።»

ኑዝሃ ፊቷ ተለወጠ። «ከመሞታቸው ከሦስት ሳምንት በፊት። ወጥመዳቸው አጠገብ ተቀምጠው። ኻልቲ መብሩካ እሺ ያሉት ያንን ልናሳያቸው ቃል ስለገባን ነው። ዛሬ ነገ እያልን... እኔ ድምፁ አለኝ። ምስሉ ዙሄይር ጋ ነው። ሙንስፍ ማክሰኞ ጠዋት ‹ድምፁን ስጪኝ፣ ላገጣጥመው› ብሎ ግልባጩን ወሰደ። ከዚያ ዙሄይርን ጠርቶ ለብቻቸው አወሩ።»

«ምን አወሩ?»

«አልሰማሁም። ሙያዬ መስማት ሆኖ ያንን ብቻ አልሰማሁም።»

መብሩካ ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ አቅጣጫ ዞረው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰዋል። የወሲላን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ።

«ልጄን ዛሬ ይወስዱታል?»

«ጀልባው በአሥር ሰዓት ነው፣ ኻልቲ።»

«እሱ ይጮሃል እንጂ ሰው አይነካም። ባሌን በየካቲት ቀበርኩ። ከለዝሃር ሌላ ልጅ የለኝም። ብርሃኑ የሚታየኝ ከመስኮቱ ብቻ ነው፤ ከሄደ ማን በሩን ይከፍትልኛል?»

«ማክሰኞ ሲናገሩ ዙሄይር አብሮዎት ነበር?»

«ነበረ እንጂ! ጫማውን አውልቆ ገብቶ ቁጭ አለ። ‹ወደ ካሜራው አይዩ፣ ወደ መስኮቱ ይናገሩ› አለኝ። እኔም በመሐረቤ ፊቴን ሸፍኜ ተናገርኩ። ሲያለቅሱ መታየት ደስ አይልም። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለም፤ እንደ ልጄ ነው ያዳመጠኝ።»

«ምንም አልተናገረም?»

«ምንም። መሐል ላይ አጨበጨበና ‹ይቀጥሉ እናቴ› አለኝ። ከዚያ ብዙም ሳልቆይ የልጅቷ ጩኸት መጣ።»

ዙሄይር ሠላሳ አምስት ዓመት አካባቢ የሆነው፣ ቀጭን፣ ዓይኖቹ የቀሉ ሰው ነው። ሳይጠየቅ ካሜራውን አምጥቶ ከወሲላ ፊት አስቀመጠ።

«ሁለት ቀረጻ አለ፣ እመቤቴ። ሁለተኛው ላይ የኑዝሃ ጩኸት ይሰማል። እኔ ከዚህ ክፍል አልወጣሁም።»

«ሙንስፍ ምንህ ነበር?»

«ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌንስ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኝ እሱ ነው።» እንባውን በክንዱ ጠረገ። «ወንድሜ ነበር ብል ያንስበታል።»

ወሲላ አመነችው። እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አይዋሽም ብላ ሳይሆን፣ ይህኛው ቃሉ እውነት መሆኑ ስለታወቃት ነው። ካሜራውን ተቀብላ የቀረጻዎቹን ርዝመት አየች። ከዚያ የቀደሙትን ቀናት ቀረጻዎች አንድ በአንድ ከፈተች። ቀጥሎ የኑዝሃን ድምፅ መቅጃ ወስዳ በሩን ዘግታ ብቻዋን ተቀመጠች። የመብሩካን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማች። የጥር ወሩን ቀረጻም ከፈተች። አንድ ሽማግሌ እየሳቀ ሲናገር መጣ፦ «ይቺ ፎቶ እስካሁን አላለቀችም እንዴ? መብሩካ ምሳ ይዛ ትጠብቀኛለች።»

ወሲላ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ መቅጃውን ዘጋች።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ለዝሃር እጁ በካቴና ታስሮ ከእናቱ እግር ሥር ተቀመጠ፤ እናቱ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። ኑዝሃ በሩ አጠገብ ቆመች። ዙሄይር ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ተውፊቅ ሰዓቱን አየ።

«ጀልባው አንድ ሰዓት ቀርቶታል፣ ላላ ወሲላ።»

«ይበቃናል። ከጣራው ልጀምር። ሙንስፍ ሲወድቅ በእጁ ሌንስ ነበር፤ የሌንሱ የኋላ ክዳን ደግሞ ኪሱ ውስጥ። ክዳኑን ያነሳው ሌንሱን ካሜራው ላይ ሊገጥም ነው። እንግዲህ በተገፋበት ቅጽበት ካሜራው አፉ ምን ሆኖ ነበር?»

«ክፍት» አለች ኑዝሃ ሳታስበው።

«ክፍት። ሲ ተውፊቅ ሲወጡ ግን ተዘግቶ አገኙት። በመሐል ማንም አልወጣም። ሙንስፍ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ከቦርሳው የጎን ኪስ ክዳን አውጥቶ፣ ጨው እንዳይገባበት ብሎ ካሜራውን ዘግቶታል ማለት ነው። ለዝሃር፣ የካሜራ ክዳን የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ?»

«የካሜራ ክዳን? እኔ የማውቀው የድስት ክዳን ነው» አለ ለዝሃር በንዴት። «ባገኘው ኖሮ ካሜራውን ራሱን ነበር የምወረውረው!»

«አንተ ዝም በል!» አሉ እናቱ ራሱን መታ እያደረጉ።

«ልክ ነው» አለች ወሲላ። «አንተ ብትሆን ካሜራውም ድንጋዩ ላይ ይገኝ ነበር። ያን የመሰለ ነገር አድርጎ ሲያበቃ፣ ሳያስበው በልማድ ካሜራ የሚከድን ሰው፣ ዕድሜውን ከካሜራ ጋር የኖረ ሰው ነው። ኑዝሃ ካሜራ አትነካም፤ ብትነካ እጇን ይመቷታል። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ዙሄይር ቀስ ብሎ «እኔ እዚህ ነበርኩ» አለ። «ካሜራው ይመሰክራል።»

«ካሜራው የሚመሰክረው አለመኖርህን ነው። እሑድ የቀረጽካቸው ሃያ ሰባት ደቂቃ፣ ሃያ ስድስት ተኩል፣ ሃያ ስምንት ናቸው። ሰኞም እንደዚያው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ካሜራው በራሱ እስኪያቆም ጠብቀህ አታውቅም። የማክሰኞው የመጀመሪያ ቀረጻ ግን ስንት ነው?»

ወሲላ ካሜራውን አንስታ ቁጥሩን ወደ እሱ አዞረች።

«ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ። ኻልቲ መብሩካ በዓረፍተ ነገር መሐል ላይ እያሉ ተቆረጠ። ቀዩ ነጥብ ሲጠፋ ያየ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።»

ተውፊቅ ጣልቃ ገባ። «ምናልባት ባትሪ ሲቀይር...»

«ባትሪ ለመቀየር ስንት ደቂቃ ይበቃል፣ ሲ ተውፊቅ? የኑዝሃ መቅጃ አላቆመም። ከመጀመሪያው ጭብጨባ ጀምሬ ቆጠርኩት። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ይሰማል። በሠላሳው ካሜራው አቆመ። በሠላሳ ስድስተኛው የመስጊዱ አዛን ይጀምራል፤ ሻዝሊ ሙንስፍን በሕይወት ያየው ያን ጊዜ ነው። በሩ እንደገና የተከፈተው በአርባ ሦስተኛው ደቂቃ ነው። በአርባ አራተኛው ጭብጨባ አለ፤ ሁለተኛው ቀረጻ የጀመረው በዚያ ጭብጨባ ነው። ዙሄይር፣ ያን ጊዜ ባታጨበጭብ ኖሮ ሰዓቱን ማግኘት ይከብደኝ ነበር።»

ዙሄይር የራሱን መዳፎች አየ።

«ምክንያቱን እኔ ልናገር ወይስ አንተ ትናገራለህ? የሲ ሐሙዳ ምስል የት ነው ያለው?»

ኑዝሃ አፏን በእጇ ያዘች። «ዙሄይር... አይሆንም። አጥፍተኸዋል እንዳትለኝ።»

«ምስሉ የሚቀመጥባቸው ሁለቱ ካርዶች አንድ ዓይነት ነበሩ» አለ። ድምፁ ከመሬት በታች የሚመጣ ይመስል ነበር። «በጥር፣ በዚያው ቀን ማታ። ባዶው ነው ብዬ ያኛውን አጸዳሁት። በማግስቱ በላዩ ላይ ጀልባና ባሕር ቀረጽኩበት። ሳውቀው ሁሉም አልቋል። ሲ ሐሙዳን ደግሜ ልቀርጻቸው አስቤ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ።»

«ማክሰኞ ጠዋት ሙንስፍ ደረሰበት» አለች ወሲላ።

«ድምፁን ይዞ ምስሉን አምጣ አለኝ። ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ‹ኻልቲ መብሩካ ንግግራቸውን ሲጨርሱ፣ ከምሳ በፊት፣ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ› ብቻ አለኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ ስሰማቸው... ሲጨርሱ ይነገራቸዋል እያልኩ... እንዲጨርሱ አልፈለግሁም። ልለምነው ወጣሁ። ሰዓቴን አይቻለሁ። ከሃያ ስምንት በፊት እመለሳለሁ፣ ስድስት ደቂቃ አለኝ ብዬ ነው የወጣሁት።»

«ከዚያስ?» አለ ተውፊቅ።

«ለመንኩት። ‹እየዋሸን ልናስለቅሳቸው አንችልም› አለኝ። ሌንሱን ሊገጥም ዞረ። ጭውውቱ ያለቀ መሰለው። ኮሌታውን ይዤ ወደ እኔ ጎተትኩት፤ ተወኝ ብሎ ወደኋላ ሲል ለቀቅሁት። ለቀቅሁት ነው ወይስ ገፋሁት... እኔ እንጃ። ገፍቼዋለሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ካሜራውን መክደኔን አላስታውስም።»

ተውፊቅ ተነስቶ የለዝሃርን ካቴና ፈታ። ለዝሃር ዙሄይርን ሊይዝ ብድግ ሲል እናቱ በልብሱ ጫፍ መልሰው አስቀመጡት።

«ዙሄይር ልጄ፣ የቱ ጋ ነው ያለኸው?» አሉ።

«እዚህ ነኝ፣ እናቴ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «በሩን ዘግተህ ስትወጣ የቱን እያወራሁ ነበር?»

ዙሄይር ዓይኑን ጨፈነ። «ሠርጉን። ዝናብ ጥሎ ሙሽራዋ በጀልባ የመጣችበትን።»

«ሴት ልጃችን የሞተችብንን አልሰማህም?»

«አልሰማሁም።»

«ባሌ የታመመበትንስ? መጨረሻ ላይ ያለኝን?»

«አልሰማሁም፣ እናቴ።»

መብሩካ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ አንድ ነገር ቆጥረው የጎደለውን ያገኙ ይመስሉ ነበር። «እኔ እኮ ያንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለለዝሃር እንኳ። እየሰማኝ ነው፣ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ብዬ ነው የተናገርኩት። ለወንበሩ ነው ያወራሁት ለካ።»

ወሲላ አጠገባቸው ሄዳ ተንበረከከች።

«እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ኻልቲ። ዛሬ ጠዋት። ሁሉንም።»

«መጨረሻውንም?»

«መጨረሻውንም።»

«አንቺ ብቻ?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ለሌላ አታሰሚው» አሉ መብሩካ፤ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው የልጃቸውን ትከሻ ያዙ። «ተነስ ለዝሃር። ወደ መኝታዬ አስገባኝ። ደክሞኛል።»

ዙሄይር በአሥር ሰዓቱ ጀልባ ወደ ሰፋክስ ተወሰደ፤ ተውፊቅና ወሲላ አብረውት ተሳፈሩ። የሙንስፍ ሬሳ በማግስቱ ለቤተሰቦቹ ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ የቀረጻውን ሰዓት ብቻ አይቶ በዙሄይር ላይ የስምንት ዓመት እስራት ፈረደ፤ የመብሩካ ንግግር በችሎት አልተሰማም። ፊልሙም ሳይሠራ ቀረ።